ከፍሎ መሄድና ተመልሶ መጠየቅ፦ የገበያ ውድድርና የአረጋውያን እንክብካቤ ጥራት
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ የጥናት ጽሑፍ

በወለጋ ከተሞች አረጋውያንን መጦር ከጥንት ጀምሮ የቤተሰብና የጎረቤት ሥራ ሆኖ ኖሯል። በኦሮሞ ባህል ጃርሳ፣ ማለትም ሽማግሌ፣ አስታራቂና መካሪ በመሆኑ በቤት ውስጥ የክብር ስፍራ አለው። በቤተ ክርስቲያናችንም ልማድ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው አረጋውያን ምንኵስናን ተቀብለው በአጥቢያው ቅጥር አጠገብ ዕድሜያቸውን በጸሎት ሲፈጽሙ፣ ምእመናን በየተራ ምግባቸውን ሲያደርሱላቸው ቆይተዋል። ይህ ሥርዓት ዋጋ አልነበረውም፤ ሻጭና ገዢም አልነበሩትም።

ዛሬ ግን ሁኔታው እየተለወጠ ነው። ልጆች ለትምህርትና ለእንጀራ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዓረብ አገሮች፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞንና ከአካባቢው ተፈናቅለው በነቀምትና በምሥራቅ ወለጋ ከተጠለሉት ወገኖች መካከል ጧሪያቸውን ያጡ አረጋውያን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በአራቱ የወለጋ ዞኖች የደረሰው የጸጥታ ችግር ደግሞ ልጅ ወላጁን በፈለገው ጊዜ ሄዶ እንዳይጠይቅ መንገድ ዘግቷል። በመሆኑም ቀድሞ በፍቅርና በግዴታ ይሠራ የነበረው ሥራ ቀስ በቀስ በገንዘብ የሚገዛ አገልግሎት እየሆነ ነው። በአዲስ አበባ በክፍያ የቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሰጡ ድርጅቶች ታይተዋል። ነቀምት፣ ጊምቢ፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎም ከዚህ ርቀው አይቀሩም።

ስለዚህ አንድ ሰበካ ጉባኤ መጦሪያ ለመክፈት ቢያስብ፣ ለአንድ ችግረኛ አረጋዊ የመጦሪያ ክፍያ ለመሸፈን ቢወስን ወይም በውጭ አገር የሚኖር ልጅ “እናቴን ለማን ልስጣት?” ብሎ ካህኑን ቢጠይቅ፣ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም አረጋውያንን የሚጦሩ ተቋማት እርስ በርሳቸው ሲወዳደሩ እንክብካቤው ይሻሻላል ወይስ ይበላሻል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከሌሎች አገሮች ልምድ ጋር እያገናዘብን እንመረምራለን።

፩. ገበያ ጥራትን የሚያመጣው መቼ ነው?

ምሳሌውን ከቅርባችን እንውሰድ። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ ጭምር በነቀምት ስም ይጠራል። ነጋዴው ቡናውን ሲገዛ ፍሬውን በእጁ ይዞ ያያል፣ ያሸታል፣ አስቆልቶና አስፈልቶ ይቀምሳል። የሻጩ ቡና ካልጣመው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላው ይሄዳል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ እሸቱን ከደረሰው ሳይቀላቅል፣ በደንብ አድርቆ ያመጣል። እዚህ ላይ ውድድር መልካም ፍሬ ያፈራል። ምክንያቱም ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ሰው ነው፤ ጥራቱን መመዘን ይችላል፤ ካልወደደውም ትቶት መሄድ ይችላል።

በአረጋዊ እንክብካቤ ግን እነዚህ ሦስት ነገሮች ሁሉ ይጎድላሉ።

አንደኛ፣ ከፋዩና ተጠቃሚው የተለያዩ ናቸው። ገንዘቡን የሚልከው ልጅ አዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ ነው፤ ምግቡን የሚበሉት እናት ነቀምት ናቸው። ልጁ በስልክ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። እናትም ተንከባካቢዋ አጠገባቸው ቆማ ሳለ “ደኅና ነኝ” ከማለት በቀር ምን ሊሉ ይችላሉ?

ሁለተኛ፣ ጥራቱ ከሩቅ አይታይም። ጎብኚ የሚያየው የግድግዳውን ቀለም፣ የአልጋውን ልብስና የአበባውን ተክል ነው። ሌሊት አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መገላበጡን፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ መሰጠቱን፣ ጥርስ ለሌለው ሰው ምግቡ ላልቶ መቅረቡን ግን አያይም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬነዝ አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት የሕክምና አገልግሎት ተራ የገበያ ሕግ ብቻውን አይበቃም። ሌላው ምሁር ሄንሪ ሃንስማን እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳስረዳው ደግሞ፣ ሰዎች እንዲህ ባለው ጉዳይ ለትርፍ ያልቆመን ድርጅት የሚመርጡት ጥራቱን መመዘን ስለማይችሉና አደራቸውን የማይበላ ሰው ስለሚፈልጉ ነው።

ሦስተኛ፣ አረጋዊው ትተው መሄድ አይችሉም። ከነቀምት ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡና ነጋዴ ይህን መንገድ በአንድ ቀን ደርሶ ይመለሳል። የሰማንያ ዓመት አረጋዊትን ግን ከለመዱት አልጋ፣ ከለመዱት ሰውና ከንስሐ አባታቸው ነጥቆ ወደ ሌላ ከተማ ማዛወር ራሱ ሕመም ነው። ተቋሙም እንደማይሄዱበት ያውቃል።

፪. የሌሎች አገሮች ልምድ

በአሜሪካ ጆን ናይማን የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት፣ ፈላጊው ከአልጋው ቁጥር ሲበልጥ ምን እንደሚሆን አሳይቷል። አልጋው ባዶ እንደማይቀር የሚያውቅ መጦሪያ መንግሥት ወጪያቸውን ለሚሸፍንላቸው ድኾች ጥራቱን ለማሻሻል የሚያስገድደው ነገር የለም። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። በከተሞቻችን ጧሪ ከሚሹት አረጋውያን ይልቅ አልጋው እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት መጦሪያዎች ቢከፈቱ እንኳ የሚወዳደሩበት ምክንያት ላይኖር ይችላል።

በእንግሊዝ ጁልየን ፎርደርና ስቲቨን አላን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት ደግሞ ውድድሩ በበረታበት አካባቢ ዋጋ መውረዱን፣ ከዋጋው ጋርም ጥራቱ አብሮ መውረዱን አመልክቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከመጦሪያ ወጪ ትልቁ ድርሻ የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ዋጋ ሲቀነስ የሚቀነሰው የሠራተኛ እጅ ነው።

ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 20 አረጋውያን ያሉበት ቤት ቀን ለቀን 5 ተንከባካቢዎች ለ12 ሰዓት ቢሠሩ ለእያንዳንዱ አረጋዊ 180 ደቂቃ ይደርሳል። ሠራተኞቹ 3 ቢሆኑ 108 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሌሊት አንድ ሠራተኛ ብቻ ቢኖርና ከ20ዎቹ 8ቱ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ቢያስፈልጋቸው፣ ለእያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ ቢወስድ ከ120ው ደቂቃ 80ው በዚህ ያልቃል። ለቀሩት 12 አረጋውያን፣ ለሚጣራው፣ ለሚወድቀውና ሽንት ቤት መሄድ ለሚፈልገው ሁሉ የሚተርፈው 40 ደቂቃ ነው። ርካሹ ዋጋ የተገኘው ከዚህ ጊዜ ላይ ተቀንሶ ነው።

በዚያው በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የአገሪቱ ትልቁ የመጦሪያ ድርጅት የነበረው ሳውዘርን ክሮስ ሲወድቅ በ750 ያህል ቤቶቹ ይኖሩ የነበሩ 31,000 ገደማ አረጋውያን በማን እጅ እንደሚወድቁ ሳያውቁ በጭንቀት ሰነበቱ። ድርጅቱ ቤቶቹን ሸጦ መልሶ በመከራየቱ በየጊዜው የሚጨምረው ኪራይ ጥሎት ነበር። በውድድር የተሸነፈ ሱቅ ቢዘጋ ደንበኛው ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ መጦሪያ ሲዘጋ ግን የሚፈርሰው የአረጋውያኑ መኖሪያ ነው። በአሜሪካም በኢንቨስትመንት ኩባንያዎች የተገዙ መጦሪያዎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባቀረቡት ጥናት፣ ለአጭር ጊዜ በገቡ ታካሚዎች ላይ ሞት 10 በመቶ ገደማ መጨመሩን ገልጸዋል።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ ብቻ አያበቃም። በስዊድን ማዘጋጃ ቤቶች የአረጋውያን እንክብካቤን ለግል ድርጅቶች በውድድር ሲሰጡ የተደረገ ጥናት፣ የአረጋውያን ሞት መቀነሱን አግኝቷል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎችም የሚያስተምር ልዩነት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች በዋጋ ጭምር ሲወዳደሩ በድንገተኛ የልብ ሕመም የገቡ ሕሙማን ሞት ጨመረ። እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ ግን ዋጋው ለሁሉም እኩል ተወስኖ በጥራት ብቻ እንዲወዳደሩ ሲደረግ ሞት ቀነሰ።

ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው ውድድር በራሱ ክፉም ደግም አለመሆኑን ነው። ዋጋው ክፍት፣ ጥራቱ ስውር ከሆነ ተወዳዳሪዎቹ ጥራትን እየሸረፉ ዋጋ ይቀንሳሉ። ዋጋው የተወሰነ፣ ጥራቱ በሚያውቅ ዓይን የሚታይ ከሆነ ግን በጥራት ይሽቀዳደማሉ። ቁም ነገሩ የተወዳዳሪው ብዛት ሳይሆን የተመልካቹ መኖር ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደሚባለው፣ ጠያቂ እንዳላቸው የታወቁ አረጋዊ ችላ አይባሉም።

፫. በከተሞቻችን ውድድሩ የት አለ?

በወለጋ ከተሞች ተደራጅቶ የሚወዳደር የመጦሪያ ገበያ ገና አልተፈጠረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ውድድሩ በሌሎች በሦስት መንገዶች ይገለጣል።

የመጀመሪያው በቤት ውስጥ የሚቀጠሩ ተንከባካቢዎች ጉዳይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪዋ ከገጠር የመጣች ወጣት ናት። ቤተሰቡ በአነስተኛ ደመወዝ የምትሠራለትን ይፈልጋል፤ እርሷም ትንሽ ብልጫ ያለው ቤት ስታገኝ ትሄዳለች። በዓመት ውስጥ ሦስት ሠራተኛ የሚለዋወጥባቸው አረጋዊ መድኃኒታቸውን የሚያውቅ፣ የሚወዱትን ምግብ የሚያውቅ፣ የሕመማቸውን ምልክት የሚለይ ሰው አያገኙም። ልጅቷን አንወቅስም፤ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ዕረፍት ቀንና ያለ ምስጋና ሌትና ቀን እንድትሠራ የተደረገችው እርሷ ናት።

ሁለተኛው በበጎ አድራጎት ማዕከላት መካከል ለለጋሽ የሚደረግ ሽሚያ ነው። በዚህ ገበያ ገዢው አረጋዊው ሳይሆን ለጋሹ ነው። ለጋሹን የሚማርከው ደግሞ አዲስ ሕንፃና የሚያሳዝን ፎቶግራፍ ነው። እንዲህ ሲሆን የአረጋውያን እርቃንና ሰቆቃ ማስታወቂያ ይሆናል፤ የሌሊት ተረኛ ለመቅጠር የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን ለጋሽ ያጣል። ከዚህ በተቃራኒ የክፍት በርን ጥቅም የሚያሳይ ምሳሌ አለን። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ በአዲስ አበባ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሰዎች የሠርጋቸውን፣ የልደታቸውንና የሙት ዓመት መታሰቢያቸውን ማዕድ ከተረጂዎቹ ጋር እንዲካፈሉ በሩን ከፍቷል። ይህ ልማድ ምግብ ከማስገኘቱ በላይ በየዕለቱ የሚያይ ዓይን ወደ ግቢው ያስገባል።

ሦስተኛው በሃይማኖት ተቋማት መካከል ሊፈጠር የሚችለው ፉክክር ነው። ወለጋ የብዙ አብያተ እምነት አገር ናት። በአይራ ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ በጊምቢ ከአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዙት ሆስፒታሎች ለብዙ ትውልድ ሕዝቡን ሲያገለግሉ ኖረዋል። ከእነርሱ መልካም አሠራር መማር ይገባናል። አልጋና ምግብ ግን ሰውን ከእምነቱ ማስለወጫ ሊሆኑ አይገባም፤ እኛም ይህን ልናደርግ አይገባም፤ በእኛም ወገኖች ላይ እንዳይደረግ መተማመንን መገንባት አለብን። በአንድ ከተማ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና እድሮች ስለ አረጋውያን በአንድነት ቢመክሩ የሚጠቀሙት አረጋውያኑ ናቸው።

ከዚህ ጋር ለራሳችን የሚሆን ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ቤተ ክርስቲያን የምትከፍተው መጦሪያ ተወዳዳሪ ስለሌለው ብቻ መልካም አይሆንም። ጥሬ እንኳ ቢሆን በነጻ የተሰጠን ምግብ ማን ይነቅፋል? ተመጽዋች ለማጉረምረም ይፈራል፤ ምእመናንም “ለእግዚአብሔር ብለው የሚሠሩትን” መመርመር ይከብዳቸዋል። ስለዚህ በጎ ፈቃድ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም በዕለት ማዕድ ላይ መበለቶች ችላ ተባሉ የሚል ቅሬታ ሲነሣ ቅሬታ አቅራቢዎቹን ዝም አላሰኙም፤ ሰባት ዲያቆናት በምእመናኑ እንዲመረጡ አድርገው በሥራው ላይ ሾሙ። ይህም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ተጽፎ ይገኛል።

፬. ጥራትን በምን እናውቃለን?

አቬዲስ ዶናቤድያን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 የእንክብካቤን ጥራት በሦስት ነገሮች መመዘን እንደሚቻል አስተማረ፦ በተቋሙ አቋም፣ በአሠራሩና በውጤቱ። ጎብኚዎች ይህን በሚከተለው መንገድ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

በአቋም ረገድ፦ ቀንና ሌሊት ስንት ሠራተኛ አለ? ውኃ በየቀኑ ይገኛል? ሽንት ቤቱ ለማይራመዱ ሰዎች ቅርብ ነው? ቢያንስ አንድ ሠራተኛ አረጋውያኑ በሚናገሩት ቋንቋ ይግባባል? የመርሳት ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች በኋላ የተማሩትን ቋንቋ ቀድመው ስለሚረሱ፣ አፋን ኦሮሞን በልጅነታቸው ለተናገሩ እናት በአማርኛ ብቻ መጠየቅ ራሱ ጉድለት ነው።

በአሠራር ረገድ፦ የእያንዳንዱ ሰው መድኃኒት በጽሑፍ ተመዝግቧል? መነሣት የማይችሉት በስንት ሰዓት ይገላበጣሉ? መብላት ለማይችሉት ማን ያጎርሳቸዋል፣ ስንት ደቂቃስ ይሰጣቸዋል? ጾም ለሚጾሙት፣ በሕመም ምክንያት በንስሐ አባታቸው ፈቃድ ለማይጾሙት ምግቡ ተለይቶ ይዘጋጃል?

በውጤት ረገድ፦ ከመተኛት የመጣ ቁስል ያለበት አለ? ባለፉት ሦስት ወራት ክብደቱ የቀነሰ፣ የወደቀ፣ ሳይታመም ሁልጊዜ የሚያንቀላፋ ወይም የታሰረ ሰው አለ? አንድ ሰው ሲሞትስ ምክንያቱ ይጻፋል?

እነዚህን ነገሮች ተቋሙ ራሱ በሚናገረው ብቻ መቀበል አይገባም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መጦሪያዎች እስከ አምስት በሚደርሱ ኮከቦች ሲመዘኑ፣ የሠራተኛው ቁጥር ለብዙ ጊዜ የሚወሰደው ተቋማቱ ከሚሞሉት ቅጽ ነበር። ኋላ ይህ እንደማያስተማምን ስለታወቀ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በደመወዝ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ቁጥር እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ጎብኚም የተነገረውን ቁጥር በዓይኑ ካየው ጋር ማነጻጸር አለበት።

፭. የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተነገረው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ለዚህ ጥናታችን ቅርብ ነው። ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው ራሱ ካከመው በኋላ በእንግዶች ማደሪያ አሳረፈው፤ ለባለ ማደሪያውም ሁለት ዲናር ከፈለ። እስከዚህ ድረስ ያደረገው በገንዘብ የሚገዛ አገልግሎት ነው፤ ይህም ነውር አልሆነበትም። ነገር ግን ከፍሎ ብቻ አልሄደም። በመመለሻው መጥቶ የጎደለውን እንደሚከፍል ቃል ገባ። ባለ ማደሪያው ሰውየው እንደሚመለስ ያውቃል። ወለጋ ውስጥ ርቀው ለሚኖሩ ልጆች ይህን የመመለስ ሥራ ሊሠራላቸው የሚችለው አጥቢያው ነው። ለዚህም የሚከተለውን እናሳስባለን።

ሀ. ሰበካ ጉባኤው የምእመናን መዝገብ አለው። ከዚያ ውስጥ ብቻቸውን ወይም በተቀጣሪ እጅ የሚኖሩትን አረጋውያን ለይቶ ይመዝግብ። የንስሐ አባቶች እያንዳንዱን ቤት ስለሚያውቁ ይህ ሥራ አዲስ ወጪ አይጠይቅም።

ለ. ሦስት ሰዎች ያሉበት የጎብኚዎች ቡድን ይቋቋም፦ አንድ ካህን፣ አንዲት እናትና አንድ የጤና ባለሙያ። በነቀምት ከወለጋ ዩኒቨርሲቲና ከሆስፒታሉ፣ በሌሎች ከተሞች ከጤና ጣቢያና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መካከል ፈቃደኛ አይጠፋም። ጉብኝቱ ሳይነገር፣ አንድ ጊዜ በምግብ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በምሽት ይሁን። ከአረጋዊው ጋር ሠራተኛ በሌለበት መነጋገር ያስፈልጋል።

ሐ. አጥቢያው ለአረጋዊ እንክብካቤ የሚከፍል ከሆነ በዝቅተኛ ዋጋ ጨረታ አይምረጥ። የሚበቃውን ክፍያ አስቀድሞ ይወስን፤ ከዚያ በዚያው ገንዘብ የተሻለ እንክብካቤ የሚሰጠውን ይምረጥ። ከተቀጣሪ ተንከባካቢዎች ጋርም ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀንና ሥልጠና የተጻፈበት ውል እንዲኖር ቤተሰቦችን ይምከር።

መ. መጦሪያ ከመክፈት በፊት አረጋውያንን በቤታቸው መደገፍ ይቅደም። የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮ መክፈል የማይችሉትን ከቀበሌ ጋር ተነጋግሮ ማስመዝገብ፣ የሰንበቴ ማኅበራትን ማዕድ ለደካሞች በቤታቸው ማድረስ፣ ለሚያስታምሙ ልጆች በሳምንት ግማሽ ቀን የሚተካ ሰው መስጠት ከሕንፃ ይልቅ ብዙዎችን ይደርሳል።

ሠ. መጦሪያ መክፈት ግድ ከሆነ በሀገረ ስብከቱና በኮሚሽናችን በኩል፣ ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋር በመመካከር ይጀመር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ኃላፊነት አለበትና ድጋፉን መጠየቅ መብት ነው። የአልጋው ቁጥር የሚወሰነው ሕንፃው በሚይዘው ሳይሆን ደመወዛቸው ለሁለት ዓመት በተረጋገጠላቸው ሠራተኞች ልክ ይሁን። የአረጋውያን ፎቶግራፍ ለልመና አይውጣ። ሒሳቡና የጎብኚዎቹ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ለምእመናን ይነበብ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችሁ በተቀጣሪ እጅ ብቻ የሚኖሩ አረጋውያን ስንት ናቸው? ባለፈው ወር ማን ጎበኛቸው?

2. በከተማችሁ ሁለት መጦሪያዎች ቢኖሩና አንዱ በግማሽ ዋጋ ቢጦር፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በምን ታውቃላችሁ?

3. አንድ አረጋዊ በቤተ ክርስቲያን መጦሪያ ቢበደሉ ቅሬታቸውን ለማን ይናገራሉ? የሚሰማቸው ሰው ከመጦሪያው አስተዳደር ውጭ ነውን?

4. ከሌሎች አብያተ እምነትና ከእድሮች ጋር ስለ አረጋውያን ለመመካከር የሚያግዳችሁ ምንድን ነው?

መስከረም 21 ቀን በመላው ዓለም የአረጋውያን ቀን ተብሎ ይታሰባል። ከአሁኑ ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ መዝገቡን አዘጋጅቶ የመጀመሪያውን ጉብኝት ቢፈጽም፣ የጎብኚዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም የሚጦሩትም ሆኑ የሚጦሯቸው አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ተመልሶ የሚጠይቅ አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።